የንባብ ክበብ ዓመት፦ አንበሳው ከሩቅ ነው የሚጀምረው

ኅዳር ውስጥ ነው። አንደኛ ክፍሎች ምንጣፍ ላይ ተኮልኩለዋል። ከክበባችን አባላት አንዷ፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ፣ አዲስ ከገዛነው መጽሐፍ ታነብላቸዋለች። «አያ ጅቦ በጣም ራበው» አለችና ስዕሉን ወደ ልጆቹ አዞረች። ፊት የተቀመጠ አንድ ልጅ አየው። ተንፏቆ ቀረበና ደግሞ አየው። «ይሄማ ውሻ ነው» አለ።

ልክ ነበር። ውሻ ባይሆን እንኳ ተኩላ ነው፣ ያውም የበረዶ አገር ተኩላ። ጀርባው ቀጥ ያለ፣ ጭራው ዞማ፣ አንድም ነጠብጣብ የሌለው። ጅብ ከፊቱ ከፍ፣ ከኋላው ዝቅ ያለ እንስሳ መሆኑን የእኛ ሰፈር ልጅ ያውቃል። ማታ ማታ ከወንዙ በኩል ሲጮህ እየሰማ ነው የሚተኛው። አንባቢዋ ደንግጣ ወደ እኔ ዞረች። እኔም የምለው አልነበረኝም። መጽሐፉን የመረጥኩት እኔው ነኝ፤ ሽፋኑ አምሮኝ።

ምክትል ርዕሰ መምህራችን «ዘገባው ቁጥር ይኑረው» ስላሉኝ ቁጥሩን እዚሁ ልገላገለው። ክበቡ በ2017 ዓ.ም. 24 አባላት ነበሩት፤ ሁሉም ከስድስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ናቸው። የምንገናኘው ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ነው። የወላጅ መምህር ኅብረት (ወመህ) 6,000 ብር ሰጠን። በወላጆች ቀን ሻይና ብስኩት ሸጠን 3,400 ብር ጨመርንበት። ሥራችን ለኬጂና ለታችኛው ክፍል ልጆች ባለ ስዕል የተረት መጻሕፍት መርጦ መግዛትና ማንበብ ነበር። ቁጥሩ አለቀ።

በመጀመሪያው ዙር 18 መጻሕፍት ገዛን። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀብንም። የሚያብረቀርቀውን፣ ልዕልት ያለችበትን፣ ሽፋኑ የወፈረውን እያነሳን ወደ ፌስታል። ጉዱ የወጣው ልጆቹ ፊት ነው። አንዱ መጽሐፍ «ሦስት ወንድማማቾች ጉዞ ጀመሩ» ይላል። ስዕሉ ላይ ያሉት ሁለት ናቸው። የኬጂ ልጆች ተረቱን ትተው ሦስተኛውን ፍለጋ ገቡ። ዛፉ ጀርባ ነው ያለ አለ። ሞቷል ያለም አለ። ሌላው መጽሐፍ ላይ ደግሞ ባለታሪኳ አንዱ ገጽ ላይ ቀይ ቀሚስ ለብሳ፣ ሲገለጥ ሰማያዊ ሆነ። «ሌላ ልጅ ናት!» ብለው ድርቅ አሉ።

እኛ ትልልቆቹ እነዚህን መጻሕፍት አገላብጠናቸዋል። አንዳችንም አላየንም። ሰው ጽሑፍ ማንበብ ሲችል ስዕል ማንበብ ያቆማል መሰለኝ። ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ግን ያለው ስዕሉ ብቻ ነው። ጥፍር ሳይቀር ይቆጥራል።

ስለዚህ ጥር ላይ አሠራራችንን ቀየርን። አባላቱ ራሳቸው አንድ ፈተና አወጡ። ጽሑፉ በወረቀት ይሸፈናል። አንድ የኬጂ ልጅ ይጠራና ስዕሉን ብቻ እያየ ተረቱን ይነግረናል። «ዛፍ። ቤት። ሴትዮ» እያለ ዕቃ መቁጠር ከጀመረ መጽሐፉ ወደቀ። «ሴትዮዋ ተናደደች፣ ከዛ…» ብሎ ገጹን ራሱ ከገለጠ አለፈ። የተናገረው ተረት ከተጻፈው ጋር አለመግጠሙ ግድ የለንም። ልጆቹ «የ‹ከዛስ› ፈተና» አሉት። በዚህ ፈተና ከመጀመሪያዎቹ 18 መጻሕፍት ያለፉት 7 ብቻ ናቸው። ይህን ለወመህ ሳስረዳ ላብ በላብ ሆኜ ነበር።

ስለ ፊደል ሳላነሳ አላልፍም፤ የአማርኛ መምህር ነኝና ታገሱኝ። ጽሑፉ በስዕሉ ላይ የታተመባቸው መጻሕፍት አሉ። ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ በላዩ ላይ ቡናማ ፊደል። ሲያዩት ያምራል። ግን «ሱ» እና «ሲ» የሚለያዩት በአንዲት ጭረት ቦታ ነው። ጭረቷ ከቅጠሉ ጋር ስትቀላቀል ልጁ ምን ይያዝ? እንግሊዝኛውን ተርጉመው በዚያው በእንግሊዝኛው ቦታ ላይ አማርኛውን ሲያጭቁት ደግሞ ፊደሉ ጉንዳን ያክላል። እንዲህ ያሉትን ሳንገልጥ መመለስ ጀመርን።

ደግሞ አማርኛችን ማጥበቅና ማላላትን በፊደል አያሳይም። «ጅቡ ይበላል» የምትል አንዲት ገጽ ነበረች። ላልቶ ከተነበበ በላተኛው ጅቡ ነው። ጠብቆ ከተነበበ ጅቡ ራሱ ምሳ ሆነ። አንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ አጥብቆ አነበበው፤ ከዚያ ስዕሉን አየ፤ ፍየሏ ጥግ ይዛ ትንቀጠቀጣለች። ሳቀና አላልቶ ደገመው። ማንም አላረመውም። ስዕሉ ነው ያረመው። ጥሩ ስዕል ምን እንደሆነ ስጠየቅ ይህን ልጅ ነው የማነሳው።

ለሁለተኛው ዙር ስንሄድ የመጽሐፍ መደብሩ ወለል ላይ ተቀምጠን ሁለት ሰዓት አነበብን። ባለቤቱ መጀመሪያ ፊታቸው ተቋጠረ። «ልጆች፣ ይሄ ሱቅ ነው እኮ፣ ቤተ መጻሕፍት አይደለም።» አንዷ አባል «ጋሼ፣ ሳናነብ ገዝተን ነው የተቃጠልነው» ብላ የጅቡን ነገር አወራቻቸው። ሳቁና በርጩማ አመጡልን። በመጨረሻ 22 መጻሕፍት ይዘን ወጣን። ከልዕልቶቹ ውስጥ አንዷ ብቻ ናት የተረፈችው።

አሁን ወደ ከረረው ክርክር ልምጣ። የካቲት ላይ አንዲት እናት መጡ። ልጃቸው የሲንደሬላን ተረት ሰምቶ እንቅልፍ አጣ። እኔ ሲንደሬላን የማውቀው በመስታወት ጫማና በዱባ ሠረገላ ነው፤ ምን ያስፈራል? መጽሐፉን ሳየው ገባኝ። የመስታወት ጫማው የፈረንሳዊው የሻርል ፔሮ ነው። ይህኛው ግን የጀርመኖቹ የግሪም ወንድማማቾች ነበር። እዚያ ጫማው እንዲገባላቸው አንዷ እህት የእግር ጣቷን፣ ሌላዋ ተረከዟን ትቆርጣለች። መጨረሻ ላይ ርግቦች ዓይናቸውን ይጓጉጣሉ። ሠዓሊው ደሙን አልሰሰተም።

ልጆቹ ጉዳዩን እንዲያጣሩ አደረግኩ። ያገኙት ነገር ገረማቸው። ፔሮ እ.ኤ.አ. በ1697 ባሳተመው ላይ ባለ ቀይ ቆቧን ልጅ ተኩላ ይበላትና ተረቱ እዚያው ያልቃል። አዳኝ መጥቶ ሆዱን ቀድዶ የሚያወጣት በግሪሞቹ ነው። የግሪሞቹ የ1812 መጽሐፍ ራሱ አንድም ስዕል አልነበረውም፤ በማብራሪያ የታጨቀ፣ የምሁር መጽሐፍ ነበር። በ1823 እንግሊዞች ተርጉመው በጆርጅ ክሩክሻንክ ስዕል ሲያወጡት ሰው ወደደው። ያን ያዩት ወንድማማቾች በ1825 50 ተረት ብቻ መርጠው፣ ሠዓሊ በሆነው ወንድማቸው በሉድቪግ ኤሚል ስዕል አነስ ያለ መጽሐፍ አሳተሙ። የስምንተኛ ክፍሉ ተከራካሪያችን ይህን ሲሰማ «በቃ፣ እነሱም እንደኛ መርጠዋል!» አለ።

ከዚያ ስለ እንጀራ እናት ተነሳ። በ1812ቱ መጽሐፍ በረዶዬን (እንግሊዞቹ ስኖው ዋይት የሚሏትን) ልታስገድል የምትሞክረው የገዛ እናቷ ናት። በ1819 እንጀራ እናት አደረጓት። እናት እንዲህ ትሆናለች ማለት ከብዷቸው ይመስላል። በእናት ቦታ ክፉ እንጀራ እናት አስቀምጠው እናትን አዳኑ ማለት ነው። ክፍሉ ውስጥ ብዙዎቹ ተስማሙ። «ልክ ነው ቲቸር፣ እናት አታደርገውም።» አንድ ልጅ ብቻ ዝም አለ። ሁሉም ሲወጡ ቀረና «እኔን ያሳደገችኝ እንጀራ እናቴ ናት» አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም። ፈቅዶልኝ ነው የምጽፈው።

በሳምንቱ መደርደሪያችንን ቆጠርን። እንጀራ እናት ካለችባቸው ተረቶች ውስጥ ደግ ሆና የተሳለች አንድም የለችም። አፍንጫዋ የሾለ፣ ቅንድቧ የተቆጣ፣ ልብሷ ጥቁር። ልጅ ቃሉን ሳያነብ በስዕሉ ብቻ እንጀራ እናት ምን እንደምትመስል ይማራል። ሰው ይህን አስቦ አይገዛም። እኛም አስበን አልገዛንም።

መፍትሔው ከመጽሐፍ አልመጣም፤ ከአንዲት አባል አያት ነው የመጣው። እማማ የልጅ ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው ክርክራችንን በር ላይ ሆነው ሰምተዋል። «እኛ አገር እኮ ደግ እንጀራ እናት አለች» አሉ። «ይግቡና ይንገሩን» አልናቸው። ተረቱን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እንጀራ ልጇ አልቀርባት፣ ምግቧን አልበላላት ያለ ሴት ወደ አንድ ጠቢብ ሄዳ መድኃኒት ትለምናለች። «ከአንበሳ ጢም ፀጉር ነቅለሽ አምጪ» ይላታል። በየቀኑ ሥጋ እያኖረች፣ በየቀኑ ትንሽ እየቀረበች፣ በመጨረሻ አንበሳው እየበላ ሳለ ትነቅላለች። ይዛ ስትመለስ ጠቢቡ «አንበሳን እንዲህ ከለመድሽ ልጁንም እንደዚሁ ቅረቢው» ይላታል። እማማ ሲጨርሱ «ስዕል ምን ያደርጋል? አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ስንቱን ዓመት በአንደበታቸው ሲይዙን» ብለው ወጉን። እውነታቸውን ነው። ግን እኛ የስዕል ሱስ ይዞናል።

ይህን ተረት በሄድንባቸው ሱቆች በስዕል አላገኘነውም። ስለዚህ ራሳችን ልንሠራው ወሰንን። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል ውስጥ ሲሠራ፣ የብዙ አገር መጽሐፍ ሞልቶ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ሲያጣ ነው እ.ኤ.አ. በ2002 የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ከነስዕሉ ያወጣው። ይህን ስነግራቸው ልጆቹ ልባቸው አበጠ። የእኛው ግን ኤ ሦስት ወረቀት፣ ክሬየንና ፎቶ ኮፒ ነው።

አራት ወረቀት እጥፍ ሲደረግ 16 ገጽ ይሆናል። የፈረንጆቹ መጻሕፍት ብዙዎቹ 32 ገጽ የሆኑበትም ምክንያት ይኸው የወረቀት አጠፋ ነው፤ ገጹ በ8፣ በ16፣ በ32 ይሄዳል። መጀመሪያ ያባዛነው ኮፒ ጀርባው ተገልብጦ አንበሳው እግሩን ወደ ሰማይ አንስቶ ወጣ። 30 ወረቀት ከሰርን። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ትልቁ ነገር ግን ስዕሉ ላይ ነበር። ምርጡ ሠዓሊያችን አንበሳውን ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳለው። ገጹን የሞላ፣ አፉን የከፈተ፣ ጎፈሩ የቆመ። አጨበጨብንለት። ጽሑፉን ሸፍነን ለኬጂ ልጅ ስናሳይ «በላት» አለችና መጽሐፉን ዘጋች። ተረቱ እዚያው አለቀ። ሠዓሊው ተከፋ። ትንሽ ዝምታ ሆነ። ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን ሰምቼ የማላውቃት የስድስተኛ ክፍል ልጅ «ቲቸር፣ አንበሳው ለምን ከሩቅ አይጀምርም?» አለች።

ሁሉም ነገር በዚህች ጥያቄ ተቀየረ። በአዲሱ መጽሐፍ አንበሳው መጀመሪያ ኮረብታ ላይ ያለች ቢጫ ነጥብ ናት፤ ባቄላ አታክልም። ሴትዮዋ በሌላኛው ጠርዝ ላይ ናት። መሐሉ ባዶ። ገጹ በተገለጠ ቁጥር ባዶው ይጠባል፣ አንበሳው ያድጋል። አፉን የሚከፍተው ሥጋውን ሲበላ ብቻ ነው። ከዚያ ሠዓሊው ራሱ፣ ኩርፊያውን ረስቶ፣ ሌላ ነገር ጨመረ። ልጁንም በመጀመሪያው ገጽ ከመሶቡ ልክ ያንኑ ያህል አራቀው፤ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። በመጨረሻው ገጽ ሁለቱም መሶቡ ላይ ናቸው፣ እጃቸው አንድ እንጀራ ላይ። ጽሑፉ ይህን አይናገርም። እንጀራ እናቱ ያሳደገችው ልጅ ለሴትዮዋ ፊት ሲፈልግ ከቤቱ ፎቶ ይዞ መጣ። ከፎቶው አይተው ሳሏት። አፍንጫዋ አልሾለም።

ግንቦት ላይ ግቢው ዛፍ ሥር ለኬጂዎቹ አነበብን። «ተረት ተረት!» ሲባል ግማሹ «የመሠረት!»፣ ግማሹ «የላም በረት!» ብሎ መለሰና ለአምስት ደቂቃ ክርክር ሆነ። ሁለቱንም ፈቀድን። አንበሳው ሲቀርብ ልጆቹ ባዶውን ቦታ በስንዝር፣ ቀጥሎ በጣት ይለኩ ጀመር። ሲያልቅ አንባቢዋ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» አለች። አንዱ ወዲያው «ዳቦው የታለ?» አለ። ደግነቱ አባላቱ አስበውበት ነበር፤ ሁለት ፌስታል ዳቦ ከዛፉ ጀርባ ወጣ።

ሰኔ ላይ ቆጠራ አደረግን። ከገዛናቸው 40 መጻሕፍት 37ቱ ቁም ሣጥን ውስጥ አሉ። ሁለቱ ጠፍተዋል። የጅቡን መጽሐፍ ለስዕል ክበብ ሰጠን፤ «ስህተቱን ፈልግ» እያሉ ይጫወቱበታል። ራሳችን ከሠራነው 12 ቅጂ አንዱ ሲመለስ አሥራ አራተኛው ገጽ አልነበረውም። አንበሳው በጣም የቀረበበት ገጽ ነው። በማግሥቱ አንዲት እናት ገጹን በሁለት ጣታቸው ይዘው መጡ። ልጃቸው ቀድዶ ትራሱ ሥር አድርጎት ተኝቶ ነበር። በፕላስተር ለጠፍነው።