ቦነቪል ሊገዛ ላሰበው ወንድሜ

በርሚንግሃም፣ ሚያዝያ

ለውድ ወንድሜ ጌታቸው፤

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። አንተ፣ ሰናይትና ልጆቹ እንደምን ከረማችሁ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ያህል ዘመን ሳንጻጻፍ መቆየታችን ከቂም የመጣ እንዳልሆነ አንተም ታውቃለህ፤ ሁለታችንንም ኑሮ ወሰደን፣ ከዚያም ዝምታው በቆየ ቁጥር ለመስበር የሚከብድ ሆነ። በመሆኑም እዚያ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ ጎረቤትህ ትራያምፍ ቦነቪል የተባለውን የእንግሊዝ ሞተር ብስክሌት፣ የ1968ቱን፣ ሊሸጥልህ እንደሚፈልግ ገልጸህ ‹‹ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?›› ብለህ የላክህልኝን አጭር መልእክት ሳነብ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። መልሱ በሁለት መስመር የሚያልቅ ስላልመሰለኝ፣ እኔ ራሴ የዚህ ሞተር ባለቤት ሆኜ ያየሁትን ዘርዘር አድርጌ ልጽፍልህ ወሰንሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልንገርህ፦ የተጠየቅኸው ዋጋ ከወጪው ሁሉ ቀላሉ ነው። እዚህ አገር ደህና የሚባል ቦነቪል አብዛኛውን ጊዜ ከ6,000 እስከ 10,000 ፓውንድ ይጠየቅበታል፤ ይህም ስቲቨኔጅ ውስጥ ይሠራ ከነበረው ከሌላው የድሮ የእንግሊዝ ሞተር ከቪንሰንት ብላክ ሻዶው ጋር ሲተያይ ምንም ማለት አይደለም፤ ያ ለሀብታሞች የቀረ ነገር ነው። ዕድሜው 40 ዓመት ያለፈ ሞተር እዚህ የመንገድ ግብር አይከፈልበትም፣ ብዙ ካልተለወጠም ከ2018 ጀምሮ ዓመታዊ ምርመራ አይገደድም። እኔ ግን በየዓመቱ አስመረምረዋለሁ፤ ፍሬኑን ከእኔ ሌላ ዓይን ቢያየው ደስ ይለኛል። አንተ ያለህበትን ሕግ እዚያው ጠይቅ።

ዋናው ወጪ የሚመጣው ካንተ በፊት ሞተሩን ከያዙት ሰዎች እጅ ነው። ሃምሳና ስልሳ ዓመት የኖረ ሞተር ላይ ብዙ ሰው ኪያቤ አሳርፎበታል፤ ከእነዚህም መካከል አዋቂ ነበረ፣ ቸኩሎ ያበላሸም ነበረ። እኔ የገዛሁትን ስፈታው ጥርሱ የተበላ ብሎን በሙጫ ተጣብቆ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱም በየቦታው በፕላስተር ተቀጣጥሎ አገኘሁ፤ ከፋብሪካው የወጣ ስህተት ግን እምብዛም አልነበረበትም። ለእነዚያ ሰዎች ጥገና ማረሚያ የከፈልሁት ገንዘብ ለአዲስ ዕቃ ከከፈልሁት ይበልጣል። ስለዚህ ሻጩን ምን ያህል ማይል እንደሄደ ከመጠየቅህ በፊት ማን ማን እንደጠገነው ጠይቀው፤ ደረሰኝ ካለውም አንድ በአንድ አንብበው።

በተለይ አንድ ጥያቄ እንዳትረሳ። ፒስተኖቹ በሚያሽከረክሩት ዋና ዘንግ፣ በክራንክሻፍቱ፣ ውስጥ ቆሻሻ የሚያጠራቅም አንድ ቱቦ አለ። ይህ ሞተር እንደ ዛሬዎቹ የወረቀት ፊልትሮ ስለሌለው፣ ክራንክሻፍቱ ሲሽከረከር በዘይቱ ውስጥ ያለው ዝቃጭ በሽክርክሪቱ ኃይል ተገፍቶ እዚያ ቱቦ ውስጥ ይጋገራል። ቱቦው ከሞላ ዘይት ወደ ፒስተን ዘንጎቹ ኩሽኔታ መድረሱ ይቀራል፤ የሚከተለውን በአጎትህ ጋራዥ ያደግህ አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። ቱቦውን ለማጽዳት ሞተሩ ሙሉ በሙሉ መፈታትና ሆዱ ለሁለት መከፈል አለበት። ሻጩ ‹‹ተጠርጓል›› ካለ መቼና በማን እንደተጠረገ ያስረዳ፤ ማስረዳት ካልቻለ አልተጠረገም ብለህ የሙሉ እድሳት ወጪ ከዋጋው ላይ አስቀንስ። ከገዛኸው በኋላም ዘይቱን በየ1,500 ማይሉ ቀይር፤ ዘይት እዚያ ሞተር ውስጥ ከሚገባው ነገር ሁሉ ርካሹ ነው።

ስለ መፍቻዎቹም አስቀድመህ እወቅ። ያንተ መሣሪያ በሚሊሜትር ወይም በአሜሪካ ኢንች የተሠራ ነው። የ1968ቱ ሞተር ደግሞ እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆሴፍ ዊትወርዝ በ1841 ካቀረበው የብሎን ሥርዓት የወረሰውን፣ ከብስክሌት ሠሪዎች የመጣውንና አዲሱን የአሜሪካ ጥርስ አንድ ላይ ደባልቆ ይዟል። በዊትወርዝ ኪያቤ ላይ የተጻፈው ቁጥር የብሎኑን ውፍረት እንጂ የብሎኑን ጭንቅላት ስፋት ስለማያመለክት፣ ቁጥሩን አምኖ የሚሠራ ሰው የዳዶውን ጠርዝ አክብቦ ያበላሸዋል። አንድ ሙሉ የዊትወርዝ ኪያቤ ግዛ፤ ያገለገለውን ብትመርጥ አይከፋም፣ የድሮው ብረት ጥሩ ነው።

የኤሌክትሪኩን ነገር ሰዎች ሲያጋንኑት ትሰማለህ። እንግሊዞች የመብራት ዕቃውን ይሠራ የነበረውን ሉካስን ‹‹የጨለማው ልዑል›› እያሉ ይቀልዱበታል። ቀልዱ ጥሩ ቢሆንም፣ እኔ እንደማየው አብዛኛው ችግር ከዝገትና ከቀለም በታች ከጠፋ የመሬት መስመር የሚመጣ ነው። ይልቅ ይህን ልብ በል፦ በዚህ ሞተር ላይ ከሻንሲው ጋር የሚታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ነው። እንደለመድኸው ኔጌቲቩን ያሰርህ እንደሆነ የኤሌክትሪክ ዕቃው ይቃጠላል። ቤንዚንም ሌላ ጣጣ አለበት፤ እናንተ ዘንድ የሚሸጠው አብዛኛው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኢታኖል ያለበት በመሆኑ የድሮውን ጎማና ቱቦ ይበላል። ቱቦዎቹን ኢታኖል በሚችል ለውጣቸው፣ ለክረምት ስታቆመውም ካርቡራተሮቹን አድርቃቸው።

ዘይት ማንጠባጠቡን በተመለከተ ለሰናይት እውነቱን ንገራት፦ ጋራዡ ወለል ላይ ካርቶን ይነጠፋል። የሞተሩ ሆድ ከላይ እስከ ታች ለሁለት የተከፈለ ስለሆነ መጋጠሚያው ሁሉ ለማንጠባጠብ ሰበብ ይፈልጋል፤ በጥንቃቄ የተገጠመ ግን ሊደርቅ ይችላል። ለጥቂት ሳምንታት ከቆመ ዘይቱ ከታንኩ ቀስ እያለ ወደ ሞተሩ ሆድ ስለሚወርድ፣ ሲነሳ ሰፈሩን በጭስ ይሞላዋል። ጎረቤቶችህን ከወዲሁ ማወቅ ሳይሻል አይቀርም።

ይህን ሁሉ ካነበብህ በኋላ ‹‹ታዲያ ለምን ያዝኸው?›› ትለኝ ይሆናል። አነሳሱን ልንገርህ። ሁለቱን የቤንዚን መክፈቻዎች ትከፍታለህ፣ በካርቡራተሮቹ ጎን ያለችውን ትንሽ መጫኛ ቤንዚኑ ጣትህን እስኪያርሰው ትጫናለህ፣ ፍሪሲዮኑን ይዘህ የእግር ማስነሻውን አንድ ጊዜ በባዶ ትረግጣለህ፤ ከዚያም ቁልፉን ከፍተህ ቆርጠህ ትረግጣለህ። ቅንጅቱ ልክ ከሆነ ከአንድ ወይም ከሁለት በላይ አይጠይቅህም። ማርሹ በቀኝ እግር፣ የኋላ ፍሬኑ በግራ ነው፤ አደባባይ ላይ ተደናግጠህ ፍሬን ለመያዝ ስትል ማርሽ እንዳትረግጥ መጀመሪያ ጸጥ ባለ መንገድ ተለማመድ።

በመንገድ ላይ ያለው ደስታ ከፍጥነት ጋር እምብዛም አይገናኝም። የትራያምፍ ንድፍ አውጪው ኤድዋርድ ተርነር በ1937 ባወጣው ስፒድ ትዊን ላይ ሁለቱ ፒስተኖች እኩል ወጥተው እኩል ይወርዱ ነበር፤ ያ ሞተር 500 ሲሲ ነበር። ቦነቪል ያንኑ ንድፍ ወደ 649 ሲሲ አሳድጎ ሁለት ካርቡራተር ስለጨመረበት ኃይሉም ንዝረቱም አብረው አደጉ። በሰዓት 70 ማይል በአውራ ጎዳና ለረጅም ጊዜ ብትነዳው እጅህ ይደነዝዛል፣ መስተዋቱ ይደበዝዛል፣ ብሎን ይላላል። በ50 ማይል ግን፣ አጥር ለአጥር በሚጠማዘዙት የዎርክሻየር ጠባብ መንገዶች፣ ሳይሞላ 165 ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ይህ ሞተር ሐሳብህን ቀድሞ የሚያውቅ ይመስላል። አዲሶቹ ሞተሮች ይህን ያህል ደስታ ለመስጠት ፈቃድ የሚያስነጥቅ ፍጥነት ይጠይቃሉ።

ሌላውን ደስታ ስገዛው አልጠበቅሁትም ነበር። እዚህ ከተማ ብዙ ዓመት ኖሬ ከእኔ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ነገር ያልተነጋገሩ አዛውንቶች፣ ሞተሩን ባቆምሁበት ሁሉ እየመጡ ያጫውቱኝ ጀመር። ይህ አገር እኮ የሞተሮቹ ትውልድ ቦታ ነው፤ ቢኤስኤ በስሞል ሂዝ፣ ቬሎሴት በሆል ግሪን፣ ኖርተን በብሬስብሪጅ ጎዳና፣ ሁሉም በዚሁ በበርሚንግሃም ይሠሩ ነበር። አንድ በትራያምፍ ፋብሪካ የሠሩ ሽማግሌ ሞተሩን እንዳላጠፋው በእጃቸው ምልክት ሰጡኝና ጎንበስ ብለው ካዳመጡ በኋላ፣ የቀኙ ጭስ ማስወጫ ቫልቮላ ክፍተቱ በዝቷል አሉኝ። ቤት ገብቼ ስለካው ከሚፈለገው ከ4 ሺኛ ኢንች በእርግጥ ሰፍቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ እየተጠያየቅን እንኖራለን፤ እሳቸው ሞተሩን፣ እኔ እሳቸውን።

የትራያምፍ ፋብሪካ ኮቬንትሪ አጠገብ ሜሪደን ላይ ነበር፤ የከተማው ፋብሪካ በ1940 በቦምብ በመውደሙ በ1942 ወደዚያ የተዛወረ ነው። ሆንዳ በ1969 በአዝራር የሚነሳውንና ዘይት የማያፈሰውን ሲቢ 750 ሲያወጣ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች የሚመልሱት ነገር አጡ። በ1973 ፋብሪካው ሊዘጋ መሆኑ ሲነገር ሠራተኞቹ በሩን ይዘው ቆሙ፤ በኋላም በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው እስከ 1983 ድረስ ቦነቪል ሲሠሩ ቆዩ። ዛሬ ቦታው የመኖሪያ ሰፈር ሆኗል፣ አንዱ ጎዳና ‹‹ቦነቪል ክሎዝ›› ይባላል። በዚያ በኩል ሳልፍ ልጆች ብስክሌት ሲነዱ አያለሁ፤ ስሙ ከየት እንደመጣ የሚነግራቸው መኖሩን እንጃ።

ሞተሮቹን ሳሎን አቁመው የሚያዩአቸውን ሰዎች አልወቅስም፤ አልገባቸውም ብዬ ግን አስባለሁ። ያልተነዳ ቦነቪል ጎማው ይደርቃል፣ ካርቡራተሩ ይዘጋል፤ ሲነዳ ከሚያወጣው ይልቅ ቆሞ የሚያስወጣው ይበልጣል። ስለዚህ በወር አንድ ቅዳሜ እንኳ ጊዜ የማታገኝ ከሆነ አትግዛው። ጊዜ ካለህ ዓመቱ የተመረጠ ነው፤ የፊት ፍሬኑ በ1968 በእጅጉ ተሻሽሏል፣ በ1971 የመጣውና ዘይቱን በሻንሲው ውስጥ የሚይዘው መቀመጫው ከፍ ያለው ሞዴልም አይደለም። ከፋብሪካው ከወጡት እጅግ ብዙዎቹ ወደ አሜሪካ የተላኩ ስለሆኑ፣ ይህ ቢያመልጥህ ሌላ አታጣም። መለዋወጫውም እስከ ዛሬ በአዲስ ይሠራል፤ ጥራቱ ግን ስለሚለያይ ከማዘዝህ በፊት ጠይቀኝ።

አሁን እንድታደርግልኝ የምፈልገው ይህን ነው። በሞተሩ ግራ ጎን፣ ከሲሊንደሩ ሥር፣ የተመታ ቁጥር አለ፤ ሌላው በሻንሲው አንገት ላይ ነው። ሁለቱ አንድ መሆን አለባቸው። በቀን ብርሃን ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ ቁጥሩ ተፍቆ እንደገና የተመታ ከመሰለህም ቀብድ እንዳትከፍል። ፎቶውን እንዳየሁ እደውልልሃለሁ፣ ዋጋውን ያን ጊዜ እንነጋገርበታለን።

ሰናይትንና ልጆቹን ሳምልኝ።

አክባሪ ወንድምህ
ተስፋዬ