ዘይቱን ማን ጨረሰው?

ሰላም አዘጋጅ፣ የምጽፈው ከባሕር ዳር፣ ከዓባይ ማዶ ነው። ሰሞኑን ሰፈራችን ያለው ሱፐርማርኬት ብገባ የዘይቱም የስኳሩም መደርደሪያ ባዶ፤ በሩ ላይ ግን አንዱ ሰውዬ ስድስት ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ባጃጅ ላይ ይጭናል። ስድስት! ምግብ ቤት ይኑረው አይኑረው እንጃ።

ቤት ማስቀመጥ ነውር ነው አላልኩም። እናቶቻችን አዲሱ እህል ሲገባ የዓመቱን ጤፍ ይሸምታሉ፣ በርበሬና ሽሮ ያስፈጫሉ፣ ድርቆሽና ቋንጣ ያዘጋጃሉ። ያ ግን ገበያው ሲጠግብ ነው እንጂ ከጎረቤት አፍ ተነጥቆ አይደለም። ደግሞ ዝም ብሎ መከመርም አያዋጣም። ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውም፤ በቆሎና ባቄላ ግን በዚህ በጣና ዳር ወበቅ በደንብ ሳይደርቅ ከተቀመጠ ዱቄት ሆኖ ነው የሚጠብቅህ። (እኔ አምና ግማሽ ኩንታል በቆሎ ለዶሮ ሰጥቻለሁ፣ ባለቤቴ እስካሁን ቡና ላይ ታነሳብኛለች።) ዘይትም ቢሆን ፀሐይና ሙቀት ካገኘው ይሸታል።

ለወር የሚበቃን መያዝ ይገባኛል። ባለሱቆች ግን እጥረት ሲኖር ለአንድ ሰው ሁለት ጀሪካን ብቻ ብትሉ ማን ይቀየማችኋል?

አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር