ከ8ኛ ወደ 9ኛ ክፍል ለሚሻገሩ 60 ተማሪዎቻችን የክረምት ትምህርት የድጋፍ ጥሪ

የቁምስናችን (የካቶሊክ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችን) ምእመናን፣ የትምህርት ቤታችን የቀድሞ ተማሪዎች፣ እንዲሁም በአዲስ አበባና በውጭ ሀገር የምትኖሩ የአካባቢያችን ተወላጆች፦

በእምድብር ሀገረ ስብከት ሥር ያለው የገጠር ቁምስናችን ትምህርት ቤት በ8ኛ ክፍል ያበቃል። ዘንድሮ 60 ልጆች ሚኒስትሪ ይፈተኑና ይሰናበቱናል፤ መስከረም ላይ ከተማ ገብተው በመንግሥት ትምህርት ቤት 9ኛ ክፍል ይጀምራሉ። ከዚያ በፊት፣ ከሰኞ ሐምሌ 6 እስከ ዓርብ ነሐሴ 15 ቀን 2018፣ ስድስት ሳምንት ልናስተምራቸው ተዘጋጅተናል። ቡሄ ረቡዕ ስለሚውል የትምህርቱ ቀን 29 ነው።

«ሚኒስትሪን ካለፉ በኋላ ደግሞ የምን ማጠናከሪያ?» የሚል ይኖራል። ልጅን ብዙ ጊዜ የሚጥለው ሚኒስትሪ ሳይሆን የ9ኛ ክፍል የመጀመሪያው ሴሚስተር ነው። እስከ 8ኛ ድረስ ጄኔራል ሳይንስ የነበረው አንድ መጽሐፍ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ሆኖ ይመጣል። ሶሻል ስተዲስ ደግሞ ጂኦግራፊና ታሪክ ተብሎ ይከፈላል፤ ኢኮኖሚክስም ይጨመራል። በእኛ አገር ደግሞ መስቀል ሳያልፍ ትምህርት አይሞቅም፤ ልጁ በዓሉን ውሎ ሲመለስ የሒሳቡ የመጀመሪያ ምዕራፍ ተጋምሶ ይጠብቀዋል። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም ሰምተናል። የዚያ ውጤት ሥር ከ12ኛ ክፍል በጣም ወደ ኋላ ይሄዳል።

ክፍተቱ የት እንዳለ ለማየት ለአንድ የ8ኛ ክፍል ተማሪ 1/2 + 1/3 ስጡት። ከላይ ያሉትን ደምሮ፣ ከታች ያሉትንም ደምሮ 2/5 ብሎ የሚመልሰው ጥቂት አይደለም። ይህ የ5ኛ ክፍል ጉድለት ነው፤ ሳይታከም 9ኛ ሲደርስ ግን ትሪጎኖሜትሪውንም የፊዚክሱንም ስሌት ያበላሻል። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ስንት ሜትር ነው ስትሉት ማካፈል ያውቃል፤ ምኑን በምን እንደሚያካፍል ግን ይጠፋበታል። 72,000ን ለ3,600 አካፍሎ 20 ላይ እስኪደርስ ድረስ በራሱ እጅ ደጋግሞ መሥራት አለበት። ስለዚህ የሒሳቡ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ለክፍልፋይ፣ ለኔጋቲቭ ቁጥርና ለመለኪያ ለውጥ ብቻ ይውላሉ። የ9ኛ ክፍል መጽሐፍ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ቶሎ መጽሐፉን ጀምሩልን የሚሉ ወላጆች አሉ፤ በዚህ ላይ አንስማማም።

እንግሊዝኛው የባሰ ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ማብራሪያው በአማርኛ ስለነበር ልጁ መልሱን እያወቀ ጥያቄው ምን እንዳዘዘው አይገባውም። «ስቴት» ሲባል መጥቀስ፣ «ኤክስፕሌይን» ሲባል ምክንያቱን ማስረዳት፣ «ካልኩሌት» ሲባል ስሌቱን ከነመለኪያው ማሳየት እንደሆነ ለይቶ መማር አለበት። እነዚህን የመሳሰሉ 40 የትእዛዝ ቃላት መርጠናል። ሌላው ችግር ኖት ነው፤ እስከ 8ኛ ከሰሌዳ መገልበጥ ነበር፣ 9ኛ ላይ መምህሩ እየተናገረ ያልፋል። በየቀኑ ለአሥር ደቂቃ መምህሩ አንድ አንቀጽ ሁለት ጊዜ ያነባል፣ ተማሪው በአምስት መስመር ይጽፋል፣ ከጎኑ ካለው ልጅ ደብተር ጋር ያስተያያል። ሰሌዳ ላይ ምንም አይጻፍም።

ትምህርቱ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 7፡00 ነው፤ ዝናቡ ሳይጠና ልጆቹ ቤታቸው ይደርሳሉ። 30፣ 30 ሆነው በሁለት ክፍል ይማራሉ። መምህራኑ አራት ናቸው፦ ሁለት የእንግሊዝኛ፣ አንድ የሒሳብ፣ አንድ የሳይንስ። ሁሉም 9ኛ ክፍል የሚያስተምሩ እንዲሆኑ የወሰንነው ልጁ መስከረም ላይ የሚጠበቅበትን እነሱ ስለሚያውቁ ነው። ትራንስፖርትን ጨምሮ ለአንዱ በቀን 600 ብር፣ ለ29 ቀን በድምሩ 69,600 ብር ይከፈላል።

5፡00 ላይ ንፍሮ ይቀርባል። የሩቅ ልጆች ቁርስ ሳይቀምሱ ከአንድ ሰዓት በላይ በእግር ስለሚመጡ፣ ያለ ምግብ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ባዶ ነው። ነሐሴ ከገባ የፍልሰታ ጾም ስለሆነም ንፍሮ ይስማማል። ለአንድ ልጅ በቀን 150 ግራም ጥሬ ተይዞ፣ ከትንሽ መጠባበቂያ ጋር 180 ኪሎ ስንዴ በ80 ብር፣ 90 ኪሎ ባቄላ በ140 ብር፣ በድምሩ 27,000 ብር ነው። ማገዶውንና መቀቀሉን እናቶች በተራ ይዘውታል።

ለእያንዳንዱ ልጅ ስድስት ደብተር (360 ደብተር በ70 ብር) 25,200 ብር፤ ለሦስት ልጅ አንድ መዝገበ ቃላት (20 በ600 ብር) 12,000 ብር፤ ለአንድ ልጅ 100 ገጽ ፎቶ ኮፒ፣ ገጹ በ4 ብር፣ 24,000 ብር። ጠቅላላው 157,800 ብር ሲሆን ለአንድ ተማሪ 2,630 ብር ይደርሳል። ወላጆች ለየልጃቸው 300 ብር፣ በድምሩ 18,000 ብር ያዋጣሉ። የጎደለው 139,800 ብር ነው።

ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ግን ብዙ ልጅ የሚያስቀር ጉዳይም አለ። ከተማ ውስጥ ሦስት አራት ሆነው ቤት ይከራያሉ፤ ከቤት የያዙት ቆጮና ቆሎ ሐሙስ ላይ ያልቃል። ዓርብ ስንቅ ፍለጋ ወደ ቤት ሲሄዱ የዓርብ ፈተና ያልፋቸዋል። በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ወላጆችን ሰብስበን የስንቁን አከፋፈልና ማን መቼ እንደሚያደርስ እንነጋገራለን። ለሴቶቹ ልጆች ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ከታወቀ ቤተሰብ ጋር ማደሪያ እንዲገኝ መነኩሲቶቹ ሲስተሮች ይዘውታል። በከተማ ማደሪያ መስጠት የምትችሉ ይህም ትልቅ እርዳታ ነው።

ትምህርቱ ሃይማኖት ሳይለይ ለ60ዎቹም ነው። ለካቶሊክ ልጆች ዓርብ ከትምህርት በኋላ ትምህርተ ክርስቶስ አለ፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሃይማኖት ስለማያስተምር ስማቸው ከተማ ላለው ቁምስና ቆሞስ (መሪ ካህን) ይላካል።

ያገለገሉ የ9ኛ ክፍል መጻሕፍትን እንቀበላለን፤ የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መሆናቸውን ግን አረጋግጡልን፣ የድሮው ምዕራፉ ይለያያል። ልብስ ለጊዜው አትላኩ፣ ማስቀመጫ የለንም።

ደብተሩና እህሉ ትምህርቱ ሳይጀመር መገዛት ስላለበት ገንዘቡ እስከ እሑድ ሰኔ 28 ቢደርሰን መልካም ነው። የባንክ ሒሳቡ በቁምስናው ስም ነው፤ ቁጥሩን ከቁምስናው ጽሕፈት ቤት ብቻ ውሰዱ፣ በግለሰብ ስም የሚላክላችሁን አትቀበሉ። ከውጭ በዘመድ በኩል የምትልኩ የሰጪው ስም በደረሰኙ ላይ እንዲጻፍ ንገሩ። የወጪው ዝርዝር እሑድ ነሐሴ 24 ከቅዳሴ በኋላ ይነበባል፤ የተረፈ ካለ በዚያው ቀን ለመስከረም ምዝገባ ለቸገራቸው ልጆች ይከፋፈላል።