የቦርከና ዳር ለእግረኛና ለብስክሌት ይታሰብ

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ስለ ኮሪደር ልማት ብዙ ትጽፋላችሁ፤ እኔም ሳላነብ አላልፍም። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የእግረኛ መንገድ ሲሰፋና መብራት ሲተከል ማየት ደስ ይላል። ደስ አይልም የሚል ካለ ክረምት ላይ በጭቃ ተንቦራጭቆ ሥራ ያልገባ ሰው መሆን አለበት። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። የሚሠራው ሁሉ የመኪናውን መንገድ ተከትሎ ነው። መኪና የማይደርስበት፣ በእግርም በብስክሌትም ሳይሰጉ የሚሄዱበት አንድ ረጅም መንገድ ለምን አይኖረንም? ቦታው እንደሆነ አለ። ሁለቱንም ከተሞች የሚነካው የቦርከና ወንዝ ዳር ነው።

ደሴን የሚያውቅ ያውቃታል። በጦሳ ተራራ ሥር የተሸጎጠች ከተማ ናት። ከዋናው መንገድ ወጣ ካሉ ወይ ዳገት ነው፣ ወይ ቁልቁለት። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚያልፈው ሲኖትራክ፣ የሰፈሩ ባጃጅ፣ ወደ ገበያ የሚነዳው አህያ፣ ደብተሩን የያዘ ተማሪ፣ ሁሉም ያቺኑ አስፋልት ይጋፋል። ከተማው ውስጥ ሜዳ ቢጤ ከተገኘ ወንዙ ባለፈበት ነው። ውሃ ዳገት አይወድም፤ ብስክሌት ነጂም አይወድም።

ሰው እኮ አሁንም ይሄድበታል። ጠዋት ወረድ ብላችሁ ብታዩ እግር ያወጣው መንገድ አለ። የሚያሳልፈው አንድ ሰው ብቻ ነው። ከፊት የሚመጣ ካለ አንዱ ሳሩ ላይ ይቆምና «ይለፉ» ይላል። ውሃው ሳሳ ያለበት ቦታ ትልልቅ ድንጋዮች ተደርድረዋል፤ መሻገሪያው እሱ ነው። ነጠላዋን ሰብስባ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ የምትሻገር እናት ማየት ብርቅ አይደለም። ቁጥቋጦው ላይ ፌስታል ተንጠልጥሏል። የክረምቱ ሙላት እስከ የት እንደወጣ ማወቅ ከፈለጋችሁ ፌስታሉ የተሰቀለበትን ከፍታ ማየት ነው። ስለ ሽታው ባልጽፍ ይሻላል።

ይህን ሐሳብ ከሰማይ አላወረድኩትም። በአሜሪካ፣ የኖርዝ ካሮላይና ግዛት ዋና ከተማ ራሊ ትባላለች። ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ በጅረቶቿ ዳር ጎርፍ ማስቸገር ጀመረ። በ1972 እ.ኤ.አ. ዊሊያም ፍሎርኖይ የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለከተማው ምክር ቤት አንድ ጥናት አቀረበ። ሐሳቡ ቀላል ነው። የወንዝ ዳር ጎርፍ ስለሚወስደው ቤት አይሠራበትም፤ ስለዚህ ዛፍና ሣሩ ይጠበቅ፣ መሀል ለመሀል የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ይውጣበት። ከተማዋ ተቀበለችው። ዛሬ ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ እንዲህ ያለ መንገድ አላት። ነውስ የተባለውን ወንዝ ተከትሎ የሚሄደው ብቻውን 44 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ያውም አስፋልት። ብዙ ቦታ ላይ የመኪና መንገድ ሲያጋጥመው በድልድዩ ሥር ሹልክ ብሎ ያልፋል። ልጅ ብስክሌት እየነዳ መኪና ሳያቋርጥ ብዙ ይሄዳል ማለት ነው።

እኔን የገዛኝ የጎርፉ ነገር ነው። ወንዝ ሞልቶ መንገዱን ቢያለብሰው መንገዱ ይዘጋል፣ ጭቃው ይጠረጋል፣ ሰውም መሄዱን ይቀጥላል። ያ ቦታ ላይ ቤት ቢኖር ግን የምናወራው ስለ ቀብር ነበር። እኛ ዘንድ ወንዝ ዳር ቀስ በቀስ አጥር እየተገፋ ሲመጣ ሁላችንም እያየን ዝም እንላለን።

«እነሱ ገንዘብ አላቸው» የሚል አይጠፋም። አላቸው። ይሁን እንጂ በሁለት አቅጣጫ እግረኛም ብስክሌትም የሚያስተናግድ መንገድ 3 ሜትር ስፋት ካለው ይበቃዋል። ሲኖትራክ የሚሸከም መሠረት አይፈልግም። አደራ የምለው ሥራው ላይ ነው። በኮብልስቶን እንዳይሠራ። ኮብልስቶን ለሰፈር ውስጥ መንገድ ጥሩ ነው፣ የብዙ ወጣት እንጀራም ነው፤ ብስክሌት ላይ ለተቀመጠ ግን አንጀት ያራግፋል። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ወገናችንማ ጨርሶ አይሞክረውም። የሚያብረቀርቀው ታይልም በዝናብ ያንሸራትታል። ተራ አስፋልት ይበቃናል። ዳገቱም ቢሆን በ100 ሜትር ጉዞ ከ5 ሜትር በላይ ባይወጣ፣ ሽማግሌውም ሕፃን የያዘችውም ይሄዱበታል።

ደሴና ኮምቦልቻን በወንዙ እናገናኝ የሚል ሰው ቢመጣ ግን እኔ የለሁበትም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 አካባቢ። በሐረጎ ጠመዝማዛ 25 ኪሎ ሜትር ያህል መውረድ ለወጣት ደስታ ነው። መመለሻው ግን ብስክሌቱን ሚኒባስ ፖርቶመጋላ ላይ አስጭኖ ነው። መሀል ላይም ወንዙ ገደል ውስጥ ይገባል። ሁለቱ ከተሞች በየራሳቸው ይጀምሩ። ኮምቦልቻ ሜዳው ስላላት እንዲያውም ትቀድማለች። ጠዋትና ማታ ፋብሪካ የሚገባውና የሚወጣው ሠራተኛ ብዛት ሲታይ፣ ይህ የመዝናኛ ብቻ ጉዳይ አይደለም። የብስክሌት ዋጋ የማይቀመስ ሆኗል ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። የባጃጅ ሒሳብ በየቀኑ ሲደመርስ?

ሳይታሰብ እንዳይገባበት የምፈራው ነገርም አለ። ወንዝ ዳር ጎመንና ሰላጣ እያለሙ ልጅ የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ። ለብስክሌት መንገድ ተብሎ እነሱ ሜዳ ላይ ከተጣሉ ሐሳቡን ከነጭራሹ ብንተወው ይሻላል። 3 ሜትር መንገድ ግን ከጎመኑ ጋር ጎን ለጎን መኖር ያቅተዋል ብዬ አላምንም። እንዲያውም ሸማቹ እስከ መደቡ ድረስ ይመጣላቸዋል። ወደ ቦርከና የሚለቀቀው ፍሳሽም አለ፤ የቤትም የፋብሪካም። ወንዙ በከሚሴ በኩል ወደ ጨፋ ረግረግ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ነው የሚወርደው። እዚህ የጣልነውን ታች ያለው ሰውና ከብት ይጠጣዋል። ሰው በየቀኑ የሚመላለስበት ወንዝ ላይ ደግሞ ሌሊት ተደብቆ ቆሻሻ መልቀቅ እንደ ድሮው አይቀልም።

አገሪቱ ፖሊሲ የላትም እንዳይባል፣ የትራንስፖርት ሚኒስቴር በ2012 ዓ.ም. ለእግረኛና ለብስክሌት የሚሆን የ10 ዓመት የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥቷል። ጊዜው እየተገባደደ ነው።

እናንተን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ዘጋቢያችሁን ላኩና የሁለቱን ከተሞች የፕላን ኃላፊዎች ጠይቁልን፦ በከተማው መዋቅራዊ ፕላን ላይ የቦርከና ዳር ለምን ተመድቧል? ለአረንጓዴ ቦታ ከሆነ ካርታው ይታተምና ሕዝቡ ይየው። ለሌላ ከሆነም ከአሁኑ እንወቀው። ዘጋቢው የሚመራው ካጣ አብሽሩ፤ እኔና የሰፈሬ ሰዎች በእግር ይዘነው እንወርዳለን። ቦቲ ጫማ ብቻ ይዞ ይምጣ።

አክባሪያችሁ
ከደሴ