ስለ ሽንታቸውም ይጠየቁ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር በሽታ የምታወጡትን እከታተላለሁ። ዛሬ የምጽፈው ስለ ፕሮስቴት ነው። እኔ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነኝ። እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር ከምንሰበሰበው እኩዮች ብዙዎቹ ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት ይነሳሉ። ለምን አትታዩም ስትላቸው «አቦ፣ የዕድሜ ነው» ይሉሃል።

ከዕድሜ ጋር መምጣቱስ እውነት ነው። ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ በታች ቧንቧውን ከቦ የተቀመጠ እጢ ነው። ከ50 ዓመት በኋላ በብዙ ወንዶች ላይ ያድግና ቧንቧውን ይጫናል። ሽንቱ አልጀምር ይላል፣ ይቀጥናል፣ ይቆራረጣል። ግን መድኃኒት አለው። ታምሱሎሲን ጡንቻውን ያላላል፤ ፊናስቴራይድ በወራት ውስጥ እጢውን ያሳንሰዋል፤ ካልሆነም ቀዶ ሕክምና አለ።

ብዙዎቹ የሚሸሹት «ካንሰር ነው ይሉኛል» ብለው ነው። የእጢው ማደግ ካንሰር አይደለም፣ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። የፕሮስቴት ካንሰር ራሱን የቻለ በሽታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከቧንቧው ራቅ ባለው የእጢው ክፍል ስለሚነሳ፣ ሲጀምር ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ ሽንቱ ደህና የሆነም ሰው፣ በተለይ አባቱ ወይም ወንድሙ በዚህ ካንሰር ታሞ ከነበረ፣ ሐኪም ያማክር። ፒኤስኤ የሚባል የደም ምርመራ አለ። ቁጥሩ ከፍ አለ ተብሎ ግን ወዲያው አይደንገጥ፤ እጢው ሲያድግም ኢንፌክሽን ሲኖርም ይጨምራል።

እኛ አገር ደግሞ ጫት አለ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የፊኛውን አንገት ያጠብቀዋል። ጤነኛ ወጣት እንኳ በርጫ ላይ ተቀምጦ ሽንት እምቢ ሲለው ያውቀዋል። እጢው ያደገ አዛውንት ሲቅምማ ጨርሶ ሊዘጋበት ይችላል። አፍንጫ ይከፍታሉ የሚባሉ አንዳንድ የጉንፋን ክኒኖችም እንዲሁ ያደርጋሉ። አንድ ጎረቤቴ ለረጅም ጊዜ «ኢንፌክሽን ነው» እየተባለ መድኃኒት ሲውጥ ኖረ። አንድ ሌሊት ሽንቱ ተዘጋ። ሆዱ ተወጥሮ፣ እየጮኸ በባጃጅ ወሰድነው። ካቴተር በሚባል ቀጭን ቱቦ ሽንቱ ተቀዳለት፤ ኩላሊቱ ግን ተጎድቶ ነበር። ከዚያ በፊት ስለ ጫቱም፣ ሽንቱ ስለ መቅጠኑም የጠየቀው ባለሙያ አልነበረም። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

እኛ ሽማግሌዎች ለግፊትና ለስኳር ክትትል ጤና ጣቢያ እንመላለሳለን። እዚያው፣ ግፊት የምትለካው ነርስ «አባባ፣ ሽንትዎ እንዴት ነው? ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሳሉ? ጫትስ ይቅማሉ?» ብትል ምን ይጎድላል? መሣሪያ አይፈልግም፣ በጀት አይፈልግም። ወንዱ በራሱ አፍ አያወጣውም፤ ከተጠየቀ ግን ይናገራል።

እባካችሁ የከተማዋን ጤና ቢሮ ይህን ጠይቁልን፤ መልሱንም አትሙልን።

የምድር ባቡር ጡረተኛ፣ ከድሬዳዋ