ቅሬው (እድሩ) ለቀብር ይደርሳል፤ ለአልጋ ቁራኛስ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት፣ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5፣ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንንና አካል ጉዳተኞችን እንዲንከባከብ ያዛል። እኛ ግን በዓል ሲደርስ ከሚታደለው ዱቄትና ዘይት በቀር ያየነው ብዙ አይደለም።

እዚህ ደሴ አንዲት ጎረቤቴ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ያላቸውን እናቷን ጀርባቸው እንዳይቆስል ሌሊቱን ሙሉ ታገላብጣለች። ሥራዋን ትታለች። ሐኪም ቤት መሄድ ሲያስፈልግ የሰፈሩ ወጣቶች ዳገቱን በቃሬዛ ያወጧቸዋል፤ አላህ ይስጣቸው! ቅሬያችንም ቢሆን ለሞተ ይደርሳል እንጂ ለዓመታት ለተኛ ሰው አቅም የለውም።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የየቤቱን ችግር ያውቁታል። በእነሱ በኩል ቤት ለቤት የሚዞር የሠለጠነ ተንከባካቢ ይመደብ። ለአስታማሚዎችም ወርኃዊ ድጎማ በወረዳዎች ዓመታዊ በጀት ይያዝላቸው።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ