ሥራው አለ፣ ተያዥ የለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ከተማ ሥራ አጥነት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ክህሎት፣ ሥልጠና፣ ተነሳሽነት... ብዙ ተብሏል። እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ነው። እዚህ ሰፈር ሰውን ከሥራ ደጃፍ የሚመልሰው ነገር ግን አንዴም አልተነሳም። ተያዥ!

እስቲ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን አንብቡ። ገንዘብ ተቀባይ፣ ጥበቃ፣ ሾፌር፣ ስቶር ኪፐር። መጨረሻው ላይ «በቂ ተያዥ ማቅረብ የሚችል» ይላል። በቂ የሚባለው ቋሚ ደመወዝ ያለው፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ አጽፎ የሚመጣ ሰው ነው፤ አለዚያ ንግድ ፈቃድ ያለው። የእኛ ጎረቤት እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች፣ ሌላው ቀን ሠራተኛ ነው፣ ሌላዋ ጉሊት ነች። እኛን ከማንም በላይ የሚያውቁን እነሱ ናቸው፣ ፊርማቸው ግን አይቆጠርም።

ታናሽ እህቴ አንድ ሱፐርማርኬት የገንዘብ ተቀባይነት ፈተና አልፋ ነበር። ደመወዝተኛ ዘመዳችን አጎታችን ብቻ ናቸው፣ እሳቸው ደግሞ ቀድመው ለሌላ ሰው ስለፈረሙ መሥሪያ ቤታቸው ሁለተኛ ደብዳቤ አልጽፍም አለ። ቦታው ለሌላ ተሰጠ፤ እሷም አሁን ሰው ቤት እየዞረች ልብስ ታጥባለች። በአጎቴ አልፈርድም። ቅጹ «ለሚያደርሰው ጉድለት ሁሉ ኃላፊ ነኝ» ይላል እንጂ እስከ ስንት ብር እንደሆነ አይናገርም፣ ማን ደፍሮ ይፈርማል? የሚገርመው ደግሞ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ 1922፣ ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ያልተገለጸበት ዋስትና ዋጋ የለውም ይላል። ቅጹን የሚያዘጋጁት ይህን ወይ አያውቁትም፣ ወይ ፈራሚው ባያውቀው ደስ ይላቸዋል።

ከመሀል ከተማ ተነስቶ ዳር ለገባ ሰው ደግሞ ይብሳል። በ2017 ከካዛንቺስ ወደ ገላን ጉራ የሄዱትን አስቡ። ልጅ ሆነህ የሚያውቅህ ባለሱቅ፣ እድሩ፣ ለደብዳቤ የማይሰለቸው ባለደመወዝ ጎረቤት፣ ሁሉም ተበታተነ። (ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ቅርባችሁ አይደል ወይ የሚል ይኖራል። ቅርብ ነው፣ ከቤት ኪራይ የሚተርፍ ደመወዝ ግን ይንገረን።)

ቀጣሪዎችም ንብረታቸው እንዲጠፋ አልፈልግም። ግን ብር የማይነካ የጽዳት ሠራተኛ ለምን ተያዥ ይጠየቃል? ብር ለሚይዘውስ ጣሪያው ቅጹ ላይ በቁጥር ቢጻፍ ምን ይጎዳል? የእድር ዋስትና ለምን አይሆንም? ደግሞ የፋይዳ መታወቂያ አውጡ ተብለን አሻራችንን ሰጥተናል፣ ሰርቀን የት እንጠፋለን?

የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሰዎችን ስታገኙ ይህን ጠይቁልን። ከዚያ በፊት ግን እናንተ ራሳችሁ ጥበቃና ጽዳት ስትቀጥሩ ተያዥ አምጡ ትሉ እንደሆነ ጻፉልን።

የቱሉ ዲምቱ ነዋሪ